የናኖ ክር የቁስል መሸፈኛ፦ ምንድን ነው? ለማን ይጠቅማል? ቤተሰብስ ምን ማወቅ አለበት?



ዛሬ የምናቀርብላችሁ ጽሑፍ ስለ ቁስል ነው። ቁስል ሲያዩት ትንሽ ነገር ይመስላል። ምጣድ የፈጀው እጅ፣ የፈላ ቡና የተደፋበት የሕፃን ክንድ፣ ጫማ የላጠው የሽማግሌ እግር በየቤታችን ያለ ነው። አብዛኛው በራሱ ይድናል። ያልዳነው ግን ሰውን ለሳምንታት ሆስፒታል ያስተኛል፣ ሲብስም እግር እስከማስቆረጥ ይደርሳል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሐኪሞች በእጃቸው አዲስ ዓይነት የቁስል መሸፈኛ ገብቷል። በዓይን ከማይታዩ በጣም ቀጫጭን ክሮች የሚሠራ ስለሆነ የናኖ ክር መሸፈኛ እንለዋለን። በዚህ ሥራ ከታወቁት አገሮች አንዷ እስራኤል ናት። በአፉላና በአካባቢዋ ለሚኖሩ ቤተሰቦቻችን ይህ መሸፈኛ ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ባጭሩ እናስረዳለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቁስል እንዴት ይድናል?

ቆዳ ሲቆረጥ ወይም ሲቃጠል ሰውነት ሥራውን በአራት ደረጃ ይሠራል። መጀመሪያ ደሙ ይረጋል። ቀጥሎ ቦታው ያብጣል፣ ይሞቃል፤ ይህ ነጭ የደም ሴሎች ቆሻሻንና ባክቴሪያን የሚዋጉበት ጊዜ ነው። ከዚያ አዲስ ሥጋና አዲስ ቆዳ ከዳርና ከሥር ማደግ ይጀምራል። በመጨረሻ ጠባሳው ቀስ በቀስ ይጠነክራል። ይህ የመጨረሻው ደረጃ ወራትን፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል።

በአገራችን ሳለን “ቁስል ንፋስ ይምታው፣ ይድረቅ” ይባል ነበር። በዓለም ያሉ ሐኪሞችም ብዙዎቹ እንዲሁ ያምኑ ነበር። በ1962 ጆርጅ ዊንተር የሚባል ተመራማሪ በእንግሊዝ አገር በአሳማ ቆዳ ላይ ባደረገው ሙከራ ግን፣ ተሸፍኖ እርጥበቱን የጠበቀ ቁስል ክፍት ሆኖ ከደረቀ ቁስል ይልቅ ቶሎ ቆዳ እንደሚያለብስ አሳየ። ምክንያቱ ቀላል ነው። አዲሶቹ የቆዳ ሴሎች ከዳር ወደ መሐል መጓዝ አለባቸው። ቅርፊት ደርቆ መንገዱን ከዘጋው ከሥሩ ዞረው ማለፍ ይኖርባቸዋል። ቦታው እርጥብ ከሆነ ግን በቀጥታ ይሄዳሉ።

እርጥበት ሲባል ቁስሉ በውኃ ይራስ ማለት አይደለም። የቁስሉ ፈሳሽ ከበዛ በዙሪያው ያለው ጤነኛ ቆዳ ነጭ ሆኖ ይልማል፣ ባክቴሪያም ይራባል። እንግዲህ ጥሩ መሸፈኛ የሚባለው ትርፉን ፈሳሽ የሚመጥ፣ ተገቢውን እርጥበት የሚያስቀር፣ አየር የሚያሳልፍ፣ ባክቴሪያ የማያስገባ፣ ሲነሳም አዲሱን ሥጋ ይዞ የማይነሳ ነው። ተራው ጋዝ ከቁስሉ ጋር ደርቆ ስለሚጣበቅ በሚነሳበት ጊዜ ያማል፣ ያደማል፣ የዳነውንም ይልጣል። ልጁ ተቃጥሎበት ፋሻ ሲቀየርለት ያየ ወላጅ ይህን ያውቃል።

ናኖ ክር ምንድን ነው?

አባቶቻችን በጎንደርና በሰሜን ገጠሮች ሸማኔዎችና አንጥረኞች ነበሩ። እናቶቻችንም ጥጥ በእንዝርት ይፈትሉ ነበር። ባዘቶው እየተሳበ፣ እየጠመዘዘ፣ ክር ሆኖ ሲወጣ ያየ ሰው ናኖ ክር እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት አይቸገርም።

እዚህ በጥጥ ፈንታ የሚፈተለው ፈሳሽ ነው። ፕላስቲክ መሰል ነገር ወይም ከተፈጥሮ የተገኘ እንደ ጄላቲን ያለ ነገር ይሟሟና መርፌ ውስጥ ይገባል። በእንዝርቱ ፈንታ በብዙ ሺህ ቮልት የሚቆጠር ኤሌክትሪክ አለ። ኤሌክትሪኩ በመርፌው ጫፍ ያለችውን ጠብታ ስቦ ያሾላታል። ከዚያ ቀጭን ክር ወጥቶ በአየር ላይ እየተወዛወዘ ይረዝማል፣ ይቀጥናል። ማሟሟቻው በመንገድ ላይ ይተናል፤ ክሩ ብቻ ደርቆ በፊት ለፊቱ ባለው ነገር ላይ ያርፋል። ክሩ በክር ላይ ሲደራረብ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ስስ ጨርቅ ይሆናል።

ዘዴው አዲስ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ የፈጠራ መብቶች በ1902 በአሜሪካ ተመዝግበዋል። ለቁስል በሰፊው መጠናት የጀመረው ግን ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ገደማ ነው።

ስለ ቅጥነቱ ይህን አስቡ። አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 80,000 ናኖሜትር ይጠጋል። እነዚህ ክሮች ግን ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 1,000 ናኖሜትር ናቸው። ስለዚህ አንድ ፀጉር ብዙ መቶ ጊዜ ተሰንጥቆ እንደማለት ነው። የቅጥነቱ ጥቅም በቆዳችን ውስጥ ያለውን ነገር መምሰሉ ነው። የቆዳችን ሥጋ ኮላጅን በሚባሉ፣ እንዲሁ በናኖሜትር በሚለኩ ክሮች የተሸመነ ነው። አዲሶቹ ሴሎች የናኖ ክሩን ድር ሲያገኙ የራሳቸውን ቤት ያገኙ ያህል ይይዙታል፣ በላዩም ይዘረጋሉ።

ኢንፌክሽንን እንዴት ይከላከላል?

በሦስት መንገድ ነው።

1. በማጠር። ቁስልን የሚያመረቅዙ ባክቴሪያዎች ብዙዎቹ አንድ ሺህ ናኖሜትር ያህል ስፋት አላቸው። ድሩ ተደራርቦ የሚተወው ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ ባክቴሪያ በቀላሉ አያልፍበትም። አየርና የላብ እንፋሎት ግን ያልፋሉ። “ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” የሚለው የአባቶቻችን ተረት እዚህ በእውነት ይሠራል።

2. መድኃኒት በመያዝ። ፈሳሹ ከመፈተሉ በፊት ፀረ ባክቴሪያ ነገር ሊቀላቀልበት ይችላል፤ ለምሳሌ ብር፣ አንቲባዮቲክ፣ ወይም ከሽሪምፕና ከመሰሎቹ ቅርፊት የሚወጣው ኪቶሳን። ክሩ መድኃኒቱን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ለቀናት ጥቂት በጥቂት ይለቅቃል። መድኃኒቱም በደም ዞሮ ከመምጣት ይልቅ እዚያው ቁስሉ ላይ ይሠራል። የደም ዝውውር ለደከመበት እግር ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የሚዋጠው ኪኒን እዚያ ድረስ በደንብ ላይደርስ ይችላልና።

3. ቁስሉን ባለመነካካት። ፋሻ በተቀየረ ቁጥር ቁስሉ ይከፈታል፣ እጅ ይነካዋል። ብዙ ቀን የሚቆይ መሸፈኛ ይህን ይቀንሳል።

በእስራኤል የተሠራው ሥራ

በሐይፋ በሚገኘው በቴክኒዮን ፕሮፌሰር ኤያል ዙስማን በኤሌክትሪክ ስለሚፈተሉ ናኖ ክሮች ለብዙ ዓመታት ተመራምረዋል። በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሜይታል ዚልበርማን አንቲባዮቲክ የያዙና ሥራቸውን ሲጨርሱ በሰውነት ውስጥ የሚሟሙ ቀጫጭን ክሮች ያሉበት የቃጠሎ መሸፈኛ ሠርተው በእንስሳት ላይ ሞክረዋል።

ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ታካሚ ዘንድ የደረሰው ደግሞ ናኖሜዲክ የተባለው የእስራኤል ኩባንያ ያወጣው ስፒንኬር የሚባለው መሣሪያ ነው። በእጅ የሚያዝ፣ ሽጉጥ የሚመስል ነገር ነው። ሐኪሙ ቁስሉን ካጸዳ በኋላ ቆዳውን ሳይነካ ከራቅ ብሎ ይረጫል፤ ክሩ እዚያው በታካሚው ላይ ተፈትሎ እንደ ሁለተኛ ቆዳ ይለጠፋል። ለጣት መሐልና ለመገጣጠሚያ እንደ ቅርጹ ይሆናል። ስስና ብርሃን አሳላፊ ስለሆነ ከሥሩ ያለውን መመልከት ይቻላል። ከሥር አዲስ ቆዳ ሲበቅል መሸፈኛው በራሱ ከዳር እየለቀቀ ይነሳል። በዋናነት የሚውለው ለጥልቅ ያልሆነ ቃጠሎና ለሌላ ቦታ ተከላ ቆዳ ለተወሰደበት ቦታ ነው።

መሸፈኛው የማይችለው ነገር

ውድ አንባቢያን፣ አዲስ ነገር ሲመጣ “ሁሉን ያድናል” የሚሉ አይጠፉም። እውነቱ እንዲህ ነው።

መድኃኒት የያዙት ናኖ ክሮች ብዙዎቹ ገና በቤተ ሙከራና በእንስሳት ላይ የሚጠኑ ናቸው። ብር ባክቴሪያን ቢገድልም ሲበዛ አዲሶቹን የቆዳ ሴሎችም ያዘገያል። አንቲባዮቲክ ያለ ልክ ከተጠቀሙበት ባክቴሪያው ይለምደዋል። የሞተ ሥጋ ያለበት ወይም መግል የያዘ ቁስል መጀመሪያ መጽዳት አለበት፤ ያመረቀዘን ቁስል ዝም ብሎ መሸፈን በእሳት ላይ ክዳን መድፋት ነው። እስከ ሥሩ የዘለቀ ቃጠሎም የቆዳ ተከላ ይፈልጋል። ደም የማይደርስበትን እግር የትኛውም መሸፈኛ አያድነውም፤ የደም ሥሩ ራሱ መታከም አለበት።

ስለዚህ በጣም ውድ የሆነው መሸፈኛም ቢሆን የሚሠራው ቁስሉ በጊዜ ከታየ ነው። ቁስሉን በጊዜ የሚያየው ደግሞ ሐኪሙ ሳይሆን ቤተሰቡ ነው።

ስኳር በሽታና የማይሰማ እግር

በኦፔሬሽን ሞሼ በ1984 እና በኦፔሬሽን ሽሎሞ በ1991 የመጡት ወገኖቻችን ወደ እስራኤል ሲገቡ ስኳር በሽታ በመካከላቸው እምብዛም አይታወቅም ነበር። ምግቡ፣ እግር ጉዞው፣ የእርሻው ሥራ ሲለወጥ ግን በሽታው በፍጥነት ጨመረ። በ1998 ዶክተር አናት ያፌ “ጠነ ብሪዑት” የሚባለውን ማኅበር ያቋቋሙት ይህን አይተው ነው።

ስኳር ለብዙ ዓመት ከፍ ብሎ ሲቆይ የእግርን ነርቭ ይጎዳል፣ የደም ሥርንም ያጠብባል። ሰውየው ጠጠር በጫማው ውስጥ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ሲወጋው አይሰማውም። በክረምት አፉላ ሲበርድ እግሩን ማሞቂያው ዘንድ አስጠግቶ ይተኛል፤ እየተቃጠለ አያውቅም። ስለማያም “ምንም አይደለም” ይላል። ቁስሉ ግን ወደ ውስጥ ይሄዳል፣ አጥንት ይደርሳል።

ይህን ነገር ከአገር ቤት በሌላ መልክ እናውቀዋለን። የሥጋ ደዌ የያዘው ሰው ጣቱ የሚጎዳው በሽታው ስለሚበላው አልነበረም። ነርቩ ስለሞተ እሳትና እሾህ ሲነካው ስለማይሰማው ነው። በ1965 በአዲስ አበባ በተቋቋመው አለርት ሆስፒታል ያሉ የሥጋ ደዌ ታካሚዎች እግራቸውን በየቀኑ በዓይን እንዲመረምሩና ጫማ እንዲያደርጉ ይማሩ ነበር። ስኳር ሌላ በሽታ ነው፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው። የማይሰማ እግር በዓይን ይጠበቃል።

ስለዚህ በቤታችሁ ስኳር ያለባቸው አባት ወይም እናት ካሉ፦

- ማታ ማታ እግራቸውን፣ ውስጥ እግራቸውንና በጣቶቻቸው መሐል እዩላቸው። ለመጎንበስ ለሚቸገር ሰው መስተዋት ይረዳል።
- ውኃውን በእግር ሳይሆን በክንድ ለኩ።
- በቤት ውስጥም ባዶ እግር አይሂዱ። ጫማ ከማድረግ በፊት ውስጡን በእጅ ዳብሱ።
- ጥፍር በምላጭ፣ ጠንካራ ቆዳንም በቢላ አትቁረጡ።
- ትንሽም ብትሆን ቁስል ካያችሁ ቀጠሮ እስኪደርስ አትጠብቁ፤ በዚያው ወይም በማግስቱ ቀን ለነርስ አሳዩ።

ልጆችም ልብ በሉ። ሽማግሌ አባት እግሩን ለልጁ ማሳየት ያፍራል። እናት “ልጄን አላስቸግርም” ትላለች። እግር ማጠብ በአገራችን የክብር ሥራ ነበር፤ እንግዳና ሽማግሌ እግሩ ይታጠብ ነበር። ያንን ልማድ መልሳችሁ ብታመጡት ክብሩም ይጠበቃል፣ እግሩም ይታያል።

በጥቁር ቆዳ ላይ ኢንፌክሽን እንዴት ይታወቃል?

ብዙ መጻሕፍት “ቁስሉ ቢቀላ ወደ ሐኪም ሂዱ” ይላሉ። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላት በደንብ አይታይም። ከመቅላቱ ይልቅ እነዚህን ተመልከቱ፦

- በዙሪያው ያለው ቆዳ ከበፊቱ የጠቆረ ወይም ወይን ጠጅ የመሰለ እንደሆነ፤
- በእጅ ጀርባ ሲነካ ከሌላው ቆዳ ይልቅ የሚሞቅ፣ የሚያብጥ፣ የሚጠነክር ወይም የሚያብረቀርቅ እንደሆነ፤
- ሕመሙ በመቀነስ ፈንታ የሚጨምር እንደሆነ፤
- መግል ወይም መጥፎ ሽታ ካለው፤
- ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ወይም በስኳር ታካሚ ላይ ያለ ምክንያት የስኳር መጠን መጨመር ካለ።

ሁለቱን እግሮች ወይም ሁለቱን እጆች ጎን ለጎን አድርጎ ማነጻጸር ጥሩ ዘዴ ነው። በጥቁር ቆዳ ላይ ኬሎይድ የሚባል፣ ከቁስሉ ወሰን አልፎ የሚያብጥ ጠባሳም ይበዛል። በቤተሰባችሁ እንዲህ ያለ ጠባሳ ያለበት ሰው ካለ ለሐኪሙ አስቀድማችሁ ንገሩ።

ቅቤ፣ ቡና፣ ማር

ለቃጠሎ ቅቤ፣ የቡና ዱቄት፣ እንቁላል ወይም የጥርስ ሳሙና መቀባት ጉዳት አለው። ቅቤ ሙቀቱን አምቆ ይይዛል፤ ዱቄቱ ጀርም ያስገባል፤ ሐኪሙም ለማጽዳት ሲፍቅ ሕመም ይጨምራል። ትክክለኛው ነገር ቃጠሎውን ወዲያው በሚወርድ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ ለ20 ደቂቃ መያዝ ነው። በረዶ አይደረግም። ቀለበትና አምባር ከማበጡ በፊት ይውለቅ። ከዚያ በንጹሕ የምግብ መሸፈኛ ላስቲክ ወይም በንጹሕ ጨርቅ ሳያጠብቁ መሸፈን ነው። ውኃ የያዘውን ልጥልጥ አታፍርጡት።

ስለ ማር አያቶቻችን ያወቁት እውነት አለው። ማር ባክቴሪያን የሚከለክል ኃይል እንዳለው በሳይንስ ተረጋግጧል፤ ለቁስል ተብሎ የተዘጋጀ የማር መሸፈኛ አለ፣ ማርን ከናኖ ክር ጋር ለመፍተልም ይጠናል። ነገር ግን ለቁስል የሚሆነው ማር ጀርሙ የተገደለ ነው። ከማሰሮ የተቀዳ ማር ክፍት ቁስል ላይ አይደረግም።

በአፉላ የት መሄድ ይቻላል?

ለትንሽ ቁስል የኩፓት ሆሊማችሁ ነርስ የመጀመሪያዋ በር ናት። ለከባድ ነገር በከተማችን የሀዔሜቅ ሆስፒታል አለ። ይህ ሆስፒታል በ1924 በዔን ሐሮድ ተጀምሮ በ1930 ወደ አፉላ የመጣ፣ የክላሊት የሆነ ሆስፒታል ነው። በጣም የከበደ ቃጠሎ ያለበት ሰው የቃጠሎ ክፍል ወዳለው ሆስፒታል፣ ለምሳሌ ተል ሀሾሜር ወዳለው ወደ ሼባ፣ ሊላክ ይችላል።

ከመዳፍ የሰፋ ቃጠሎ፣ የፊት፣ የእጅ፣ የእግር፣ የብልትና የመገጣጠሚያ ቃጠሎ፣ የኤሌክትሪክና የኬሚካል ቃጠሎ፣ እንዲሁም የሕፃን፣ የሽማግሌና የስኳር ታካሚ ቃጠሎ ሳይዘገይ በሐኪም ይታይ። ለአደጋ በ101 ወደ ማጌን ዳቪድ አዶም ይደወላል። በሰንበት ቢሆንም ይደወላል፤ ነፍስ ማዳን ሰንበትን ይሽራል።

በ1996 የወጣው የታካሚ መብት ሕግ ሐኪሙ ሕክምናውን በሚገባችሁ መንገድ እንዲያስረዳ ያዝዛል። በ2011 የጤና ሚኒስቴር ያወጣው መመሪያም የጤና ተቋማት አገልግሎታቸውን በቋንቋና በባህል እንዲያመቻቹ ይጠይቃል። ስለዚህ “አልገባኝም፣ በአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ” ማለት ነውር አይደለም፤ መብት ነው። ትንሽ ልጅ ለአያቱ ስለ ቁስልና ስለ መቆረጥ እንዲያስተረጉም ማድረግ ግን ለልጁም ለአያቱም ከባድ ነው።

ነርሷን ወይም ሐኪሙን የምትጠይቁት

1. ይህ መሸፈኛ ምን ዓይነት ነው? ውስጡ መድኃኒት አለው ወይስ መሸፈኛ ብቻ ነው?
2. ለስንት ቀን ይቆያል? በራሱ የሚለቅ ነው ወይስ እናንተ ታነሱታላችሁ?
3. ገላ መታጠብ መቼ ይቻላል?
4. ዳሩ ቢነሳ ምን እናድርግ? (በራሳችሁ አትላጡት።)
5. ከምን የተሠራ ነው? የሽሪምፕ ወይም የብር አለርጂ ያለበት ሰው ይህን አስቀድሞ ይናገር። ስለ ሃይማኖት ሥርዓት ለሚጠይቁ ደግሞ መሸፈኛው የሚበላ ነገር አይደለም፤ ልባችሁ ካላረፈ ግን ቄሳችሁን ወይም ረቢያችሁን ጠይቁ።
6. ኩፓት ሆሊም ይሸፍነዋል ወይ? ካልሸፈነ በሱ ፈንታ ምን አለ?
7. ሌሊት ቢያመረቅዝ ለማን እንደውል?

ናኖ ክር የሌለበት ክሊኒክ ቢያጋጥማችሁ አትዘኑ። ቁስሉን አጽድቶ እርጥበቱን የሚጠብቅና የማይጣበቅ ተራ መሸፈኛም ለብዙ ቁስል በቂ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ክሩ ምንም ቢቀጥን ያልታየን ቁስል አያድንም። ዛሬ ማታ የአባታችሁንና የእናታችሁን እግር እዩላቸው።